በጠፋች እና በታየች መሀል

ሰሃኗ ትወርዳለች፤ ገመዷን ይዣለሁ፣
ጥቁርና ነጯን ቁልቁል አያታለሁ።
የድስት ክዳን ነበረች፤ ሀመሶ ቀብቶልኝ፣
መሀሏን በስቶ፣ በእርሳስ አክብዶልኝ።
«ጠፋች» እላለሁ፤ ገመዱን ይቆነጥጣል፣
ቀስ ብዬ ስስበው ነጩ ይመለሳል፤
«ታየች» እላለሁ፤ ደግሞ ይቆነጥጣል።
የጠፋችበትን፣ የታየችበትን
ደምረን፣ ለሁለት አካፍለን፣ መሀሉን
በእርሳስ እጽፋለሁ፤ የሐይቁን የዛሬ ዓይን።

ሠላሳ አንድ ደብተር እንዲህ ሞላ።

እኔ እንኳ የተማርሁት ስለ ጨው ባሕር ነው።
ምፅዋ ላይ፣ ቁርጭምጭሚቴን ማዕበል እየላሰው፣
ጨው ጠጥቶ የሚያድር ዛፍ ነበር ሥራዬ፤
ጣት መስሎ ከጭቃ የሚወጣ ሥሩን ስቆጥር ውዬ
ማታም በሕልሜ ቁጥር ነው ጨዋታዬ።
ሁለት ዓመት ቆጠርሁ፤ በሦስተኛው ክረምት
ዳርቻው ሌላ አገር ሆኖ አደረ ድንገት።
ሳጥኔን ተሸክሜ ሐዋሳ ስወርድ
ከደብተሬ ገጾች ጨው ይረግፍ ነበር እንደ አመድ።
የሰፈሩ ሰው ሳቀ፦ «ባሕር በሌለበት
የባሕር ሊቅ ማለት
በሬ ለሌለው ሰው ጅራፍ መግዛት ማለት።»
እውነታቸውን ነው። እኔም አብሬ ሳቅሁ።
ማታ ግን ወርጄ ከሐይቁ ዳር ቆምሁ።

መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም ይህ ሐይቅ።
ጥቁር ውኃ አምጥቶ የደፋበትን፣ ክፉም ደግም ሳይለቅ፣
እንደ ቂም ይይዛል፤
ወይም እንደ እናት ሆድ፤ ማን ለይቶ ያውቃል?

አሞራ ገደል ላይ ጎሕ ሲቀድ፣ ታንኳ ሲጎተት ከደለል፣
አባ ኮዳው ጡረታ እንደ ወጣ ዳኛ አንጀት ሲጠብቅ፣ ዝም ሲል፣
እኔ በጣውላዬ ቆሮሶ እለካለሁ፦
አሥራ ዘጠኝ፣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ አራት… አቆማለሁ።
«ይሄ ገና ልጅ ነው፣ እንቁላል አልጣለም፤
ሳይወልድ ሳይከብድ መጥበሻ አይገባውም።»
ቡራቆ መረቡን ትከሻው ላይ ጥሎ አለኝ አንድ ቀን፦
«ዓሣውን ለካሽው፤ ማን ይለካል ሆዴን?»
መልስ አልነበረኝም። የመረቡ ዓይን ይስፋ የሚል ሕግ ሲወጣ
ሦስት ዓመት ሰላምታ ነፈገኝ፤ በአራተኛው መጣ፤
ከጣውላዬ የሚረዝም ቆሮሶ በቅጠል ጠቅልሎ፣
ቃል ሳይተነፍስ፣ ሄደ ደጄ ላይ ጥሎ።

ይህን ብቻ ብነግር ውሸታም ያሰኛል፤
ከሠላሳ አንዱ ደብተር አንዱ ያፍርብኛል።
ዳሩ ላይ ፊላ ነበረ፤ ሰው አያልፍበትም፤
የቆሮሶ ጎጆ፣ የዳክዬ ቤት፣ የጉማሬ መንገድም።
ሊሞላ ሲታሰብ በአፈርና ድንጋይ
አስተያየት ጻፊ ተባልሁ። አንድ ወረቀት ላይ
«ተፅዕኖው መጠነኛ ነው» አልሁ፤ ፈረምሁ።
ደክሞኝ ነበር። ልጄ ታሞ ነበር። ምክንያት አላጣሁ።

መጠነኛ!

ፊላው በሳምንት ታጭዶ፣ ድንጋይ ተደፍቶበት
ሀመሶ በዚያ ሲቀዝፈኝ አልተናገረም አንዲት፤
መቅዘፊያውን ብቻ ሰቅሎ ያዘ ለጥቂት።
ጠብ፣ ጠብ ሲል ሰማሁት።

ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው እኔ ነኝ ነዝናዛዋ፤
«ከውኃው ጫፍ ሃምሳ እርምጃ አትንኩ» ባይዋ።
አንዳንዱ ተነካ፤ አንዳንዱ ተረፈ።
በእጃችን የተከልነው ፊላ ግማሹ ረገፈ፤
ግማሹ ውስጥ ዘንድሮ ዳክዬ እንቁላል አቀፈ።

ዛሬ ጡረታዬ ነው። ኬክ ተቆረሰ፤ ካባ ለበስሁ።
ንግግሩ ሳያልቅ በጓሮ ወጥቼ ወደ ታንኳዋ ወረድሁ።
ሀመሶ ወገቡ ደክሟል፤ መጣች በእሱ ፈንታ ትሁት፣
የልጁ ልጅ፤ ታንኳዋ ጠርዝ ላይ በደረቷ ተኝታበት።
የእኔም ዓይን ደክሟል። «አንቺ እዪልኝ» አልኋት።

ሰሃኗ ወረደች። ነጩ አረንጓዴ ሆነ፣
አረንጓዴው ጥላ፣ ጥላውም በነነ።
«ጠፋች» አልሁ።
«ኧረ አለች» አለች ልጅቷ፣ ቀና ሳትል። «ገና ናት፤ ይልቀቁ።»

አንድ ቋጠሮ ለቀቅሁላት።